የባህር ዳሩ ዲቪ ቢሮ፦ ለወረቀት ሂዱ፣ ለኮሌጅ ክፍያ ግን አትጠይቋቸው

ባህር ዳር፣ ጊዮርጊስ አካባቢ ካሉት የዲቪ ማማከርና የትርጉም ቢሮዎች አንዱ ነው። ስሙን አልጠራም። እህቴና ባለቤቷ ዲቪ ሲደርሳቸው ከደብረ ማርቆስ እየተመላለስን ጉዳዩን የጨረስነው እነሱ ጋ ነው። አስራ ሁለተኛ ክፍል የጨረሰ ልጅ ይዛችሁ የምትሄዱ በተለይ ይሄን አንብቡ።

በወረቀት ሥራ አይታሙም። ጸሐፊዋ የእህቴን ልጅ የስምንተኛ ክፍል ካርድና የልደት ሰርተፊኬት ጎን ለጎን ዘርግታ፣ በጣቷ ፊደል በፊደል እየተከተለች፣ የአያቷ ስም በእንግሊዝኛው አንዱ ላይ በ«ኢ» ሌላው ላይ በ«አይ» መጻፉን አገኘችው። «እትዬ፣ ይሄ ሳይስተካከል ኤምባሲ እንዳትገቡ» አለቻት። ወሳኝ ኩነት ሄደን አስተካከልን። ትርጉማቸው ንጹህ ነው፤ ዋጋውንም አስቀድመው ይነግራሉ፣ መሃል ላይ አይጨምሩም።

ኮሌጅ ሲነሳ ግን ነገሩ ተበላሸ። «ግሪን ካርድ ስላላችሁ ልጅቷ እንደገባች እንደ አገሬው ነው የምትከፍለው» አሉን፣ ለዚህችም ምክር ለብቻዋ አስከፈሉን። እንደዚያ አይደለም! አሜሪካ ውስጥ የመንግሥት ኮሌጅ የየግዛቱ ነው። ኢን ስቴት የሚሉት ርካሹ ዋጋ የሚሰጠው እዚያው ግዛት ኑሮውን ለመሠረተ ሰው ነው፤ አብዛኛው ግዛት ደግሞ ቢያንስ አንድ ዓመት ይጠይቃል። ግሪን ካርድ ለመጠየቅ መብት ይሰጣል እንጂ ዓመቱን አያሳጥርም።

እህቴ መጀመሪያ ያረፈችው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ዘመድ ቤት ነበር። ከወራት በኋላ ባሏ ቨርጂኒያ ሥራ አገኘና አሌክሳንድሪያ ቤት ተከራዩ። ቅርብ ነው፤ ከደጀን አባይን ተሻግሮ ጎሃ ጽዮን እንደመግባት ቁጠሩት። ለኮሌጁ ግን ሌላ ግዛት ነው። ቨርጂኒያ ትምህርት ከሚጀመርበት ቀን በፊት የ12 ወር ኑሮ ይፈልጋል፣ ሜሪላንድ የተቀመጡት አንድም ቀን አልተያዘላቸውም፣ ሰዓቱ ከዜሮ ጀመረ። ይሄን አስቀድሞ የሚነግራቸው ሰው ቢያገኙ ኖሮ የት እንደሚቀመጡ ከመጀመሪያው አስበው ይወስኑ ነበር። እኔን ያናደደኝ ይሄ ነው።

ሌላው፣ የልጅቷ ወረቀት ብቻውን ዋጋ የለውም። ተማሪው ከ24 ዓመት በታች ከሆነ ቨርጂኒያ በወላጆቹ እንደሚተዳደር ነው የሚገምተው፣ ስለዚህ የሚታየው የእናትና የአባት ኑሮ ነው፦ የኪራይ ውል፣ የግዛቱ መንጃ ፈቃድ፣ የመኪና ምዝገባ፣ ሥራ፣ ለግዛቱ የተከፈለ የገቢ ግብር። ልጁን ቀድሞ ዘመድ ጋ ልኮ ማስቀመጥ አያዋጣም። ለትምህርት ብቻ ብሎ መምጣትም ኑሮ ተብሎ አይቆጠርም። ማስረጃ ከሚባሉት ውስጥ የመራጭነት ምዝገባም አለ፤ እባካችሁ ግሪን ካርድ ይዛችሁ እሱን እንዳትነኩት፣ የፌዴራል ምርጫ የዜጎች ብቻ ነው፣ ኋላ ዜግነት ስትጠይቁ መዘዙ ከባድ ነው።

ገንዘባችንን የተቀበለው ሰው ሊነግረን ይገባ የነበረ ሌላም ነገር አለ። ሜሪላንድ ውስጥ የማኅበረሰብ ኮሌጆች (ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ የሚባሉት የሁለት ዓመት ኮሌጆች) ከትልልቆቹ ዩኒቨርሲቲዎች ያነሰ የኑሮ ጊዜ ነው የሚጠይቁት፣ ሦስት ወር። ከነሱ አንዱን ሞንትጎመሪ ኮሌጅን ብትወስዱ ዋጋው ሦስት ዓይነት ነው፦ የካውንቲው (በግዛቱ ውስጥ ያለ እንደ ወረዳ ያለ አስተዳደር) ነዋሪ፣ የግዛቱ ሌላ ነዋሪ፣ ከግዛቱ ውጭ የመጣ። ፋፍሳ በሚባለው ፎርም የሚጠየቀው የፌዴራል መንግሥት የትምህርት እርዳታ ደግሞ ከዚህ የ12 ወር ነገር ጋር አይገናኝም፣ ግሪን ካርድ ያለው ተማሪ ማመልከት ይችላል።

ዓመቱ ሲሞላም ዋጋው በራሱ አይቀየርም። ተማሪው ራሱ ማመልከት አለበት፣ ያውም ተርሙ ከመጀመሩ በፊት።

ለቢሮው ደውዬ ነግሬያቸዋለሁ። አመሰገኑ፣ ገንዘቡን ግን አልመለሱም። ለትርጉምና ለፎርም ዛሬም ዘመድ እልክላቸዋለሁ። የኮሌጁን ነገር ግን ኮሌጁን ራሱን በኢሜይል ጠይቁ፣ የነዋሪነት ጉዳይ የሚያይ ክፍል አላቸው፣ በነጻ ይመልሳሉ። ስትደርሱ ደግሞ የኪራይ ውሉ ላይ የእናት ወይም የአባት ስም ይግባ፣ ዘመድ ቤት ካረፋችሁም በስማችሁ የሚመጣ ደብዳቤ ሁሉ አስቀምጡ።