ዋየርጋርድ ቅርንጫፎችን ሲያገናኝ፦ ከወራት አገልግሎት በኋላ የተጻፈ ግምገማ

ዋና መሥሪያ ቤቱ አዲስ አበባ፣ ቅርንጫፎቹ ደግሞ በአዳማ፣ በሐዋሳ፣ በባሕር ዳርና በድሬዳዋ የሚገኙ የአንድ አከፋፋይ ድርጅት የኔትወርክ ኃላፊ ነኝ። ቀድሞ ኦፕንቪፒኤን በተባለው የቪፒኤን ሶፍትዌር ይሠራ የነበረውን የቅርንጫፎች ግንኙነት ካለፈው ክረምት መግቢያ ጀምሮ ዋየርጋርድ ወደተባለው ሌላ የቪፒኤን ሶፍትዌር አዛውረን እየተጠቀምንበት እንገኛለን። የምጽፈው ብዙ ሰው ቪፒኤን ሲባል ስለሚያስበው፣ የተዘጋ ድረ ገጽ ስለሚከፍት የስልክ አፕሊኬሽን አይደለም፤ የተራራቁ ቢሮዎችን በኢንተርኔት ላይ በተመሰጠረ መስመር አገናኝቶ እንደ አንድ የውስጥ ኔትወርክ ስለሚያሠራ ሥርዓት ነው። ፍርዴን አስቀድሜ ልናገር፦ ዋየርጋርድ ታነሉን፣ ማለትም ይህንን የተመሰጠረ መስመር፣ በመሥራት ረገድ እስካሁን ከተጠቀምኩባቸው ሁሉ ይበልጣል፤ በታነሉ ማን እንደሚገባ፣ መቼ እንደገባና እስከ መቼ እንደሚፈቀድለት የማስተዳደሩን ሥራ ግን ሙሉ በሙሉ ለባለቤቱ ይተወዋል።

ዋየርጋርድን የጀመረው ጄሰን ዶነንፌልድ ሲሆን፣ ሥራው በማርች 2020 እ.ኤ.አ. ከወጣው ሊነክስ ከርነል (የሊነክስ ሥርዓት እምብርት) 5.6 ጀምሮ የከርነሉ አካል ሆኗል። የኮዱ መጠን ወደ 4,000 መስመር ገደማ ብቻ ነው። የምስጠራ ስልቱም ቻቻ20-ፖሊ1305ንና ከርቭ25519ን በመሳሰሉ አስቀድሞ በተወሰኑ ዘዴዎች ላይ ስለቆመ፣ አይፒሴክ በተባለው የቆየ የቪፒኤን ዓይነት ላይ እንደተለመደው የሁለቱ ወገኖች ምርጫ አልጣጣም ብሎ ግማሽ ቀን የሚበላበት ዕድል የለም። አዲስ ቅርንጫፍ ለማስገባት ባለ 44 ፊደል ይፋዊ ቁልፎችን መለዋወጥ፣ የሰርቨሩን አድራሻና ፖርት መጻፍ፣ ለየትኛው ቁልፍ የትኞቹ አድራሻዎች እንደተፈቀዱ መወሰን ይበቃል። ከሁሉ በላይ የወደድኩት ግን የቅርንጫፉ መስመር ከፋይበር ወደ 4ጂ ሲቀየር ታነሉ አዲሱን አድራሻ ራሱ ተከትሎ መቀጠሉ ነው፤ ሠራተኛው አብዛኛውን ጊዜ መቀየሩን እንኳን አያውቅም።

የንድፉ ሥራ የሚጀምረው ከሶፍትዌሩ ሳይሆን ከአድራሻ ዕቅድ ነው። ሁሉም ቅርንጫፍ ራውተሩ ከፋብሪካ ይዞት በመጣው 192.168.1.0/24 ላይ ተቀምጦ እያለ ማገናኘት ስለማይቻል፣ ለእያንዳንዱ ከ10.20.0.0/16 ውስጥ የራሱን ክፍል ሰጥተናል። ቋሚ የሕዝብ አይፒ አድራሻ ያለው ዋናው መሥሪያ ቤት ብቻ በመሆኑ ግንኙነቱን የሚጀምሩት ቅርንጫፎቹ ሲሆኑ ሁሉም ወደ እርሱ ይገናኛሉ፤ የባሕር ዳር ቢሮ ከድሬዳዋ ጋር ሲገናኝም ፓኬቱ (የሚላከው የዳታ ቁራጭ) በአዲስ አበባ በኩል ያልፋል። ቅርንጫፎቹ አድራሻ ከሚቀይር ራውተር ጀርባ ስለሆኑ፣ መንገዱ ክፍት ሆኖ እንዲቆይ በየ25 ሰከንዱ ትንሽ ፓኬት እንዲልኩ ተደርጓል።

መብራት በሚቆራረጥበት አካባቢ ልዩ ትኩረት የሚሻው ጉዳይ ሰዓት ነው። አንድ የቆየ መልእክት ተቀድቶ ዳግም እንዳይላክበት ሲባል፣ በዋየርጋርድ ግንኙነት የሚጀምረው ወገን በመጀመሪያው መልእክቱ ላይ የጊዜ ማኅተም ያኖራል፤ ተቀባዩም ከዚያ ቁልፍ ባለቤት እስካሁን ከተቀበለው የመጨረሻ ጊዜ የማይበልጥ ማኅተም ሲመጣለት ምንም መልስ ሳይሰጥ ይጥለዋል። ርካሽ ራውተሮች አብዛኛውን ጊዜ ሰዓት የሚጠብቅ ባትሪ ስለሌላቸው፣ መብራት ሄዶ ሲመጣ ሰዓታቸው ወደ ኋላ ተመልሶ ይነሣሉ። በዚህ ጊዜ ኢንተርኔቱ እየሠራ፣ ቁልፉም ትክክል ሆኖ ሳለ ታነሉ አይነሣም፤ ከቅርንጫፉ በኩል ለሚመለከተው ሰውም ምክንያቱን የሚጠቁም አንድም ምልክት አይታይም። ራውተሩ ሰዓቱን የሚወስደው በዋናው መሥሪያ ቤት ካለ ሰርቨር ከሆነማ ነገሩ ይቆላለፋል፤ ታነሉ እንዲነሣ ሰዓት፣ ሰዓቱ እንዲስተካከል ታነል ያስፈልጋል። ስለዚህ እያንዳንዱ ቅርንጫፍ ሰዓቱን ከታነሉ ውጪ በቀጥታ ከኢንተርኔት እንዲወስድ፣ የሰዓት ሰርቨሩን ስም ወደ አድራሻ የሚቀይረው ዲኤንኤስም በታነሉ ውስጥ የሚያልፍ እንዳይሆን ማድረግ ግዴታ ነው። ይህ ከተደረገ ወዲህ መብራት ሲመለስ ታነሎቹ ያለ ሰው እጅ ይነሣሉ።

የፓኬት መጠንም አንዳንድ ጊዜ ያስቸግራል። የተለመደው 1420 ባይት በፋይበር መስመሮቻችን ላይ ያለ ችግር ሲያልፍ፣ በአንዱ የሞባይል መስመር ላይ ግን ፒንግ እየሠራ ትልልቅ ፋይሎች መሃል ላይ ይቆሙ ነበር፤ ወደ 1280 ሲወርድ ተስተካከለ።

ሒሳብ ክፍሎች ዘወትር የሚጠይቁት ጥያቄ ፒችትሪ የተባለው የሒሳብ ፕሮግራም በቪፒኤን ይሠራል ወይ የሚል ነው። ፋይሉን ከቅርንጫፍ በቀጥታ መክፈት አይመከርም፤ ፕሮግራሙ ለአንድ ቢሮ የውስጥ ኔትወርክ ታስቦ የተሠራ በመሆኑ ለእያንዳንዱ ትንሽ ሥራ ከፋይሉ ጋር ደጋግሞ ይመላለሳል፣ እያንዳንዱ ምልልስ ደግሞ የርቀቱን መዘግየት ይከፍላል፤ መስመሩ መሃል ላይ ቢቋረጥ ፋይሉ ሊበላሽም ይችላል። የትኛውም ቪፒኤን ይህንን መዘግየት አያጠፋውም። እኛ የቅርንጫፍ ሒሳብ ሠራተኞችን በታነሉ ውስጥ በሪሞት ዴስክቶፕ (የሌላ ኮምፒውተርን ስክሪን ከርቀት በመጠቀም) ወደ ዋናው ሰርቨር አስገብተን፣ በፋየርዎሉም ከዚያ ሌላ ወደ የትም እንዳይደርሱ ገድበናል።

አስተዳደሩ ላይ ስንመጣ ቅሬታዬ ይበዛል። በዋየርጋርድ ዓለም ተጠቃሚ የሚባል ነገር የለም፤ ያለው ቁልፍ ነው፣ ቁልፉም የሚለየው ሰውን ሳይሆን መሣሪያን ነው። የይለፍ ቃልም ሆነ ሁለተኛ ማረጋገጫ አይጠይቅም። አንድ ሠራተኛ የላፕቶፑን ቅንብር ፋይል ወደ ስልኩ ከገለበጠ ሰርቨሩ ሁለቱን እንደ አንድ ስለሚቆጥራቸው ግንኙነቱ ከአንዱ ወደ ሌላው እየዘለለ ሁለቱም ይቆራረጣሉ፤ ለምን ይቆራረጣል የሚል አቤቱታ ሲመጣ አሁን መጀመሪያ የምመረምረው ይህንን ነው። ሠራተኛ ሲለቅ ቁልፉን ከሰርቨሩ መሰረዝ በቅጽበት ያግደዋል፤ ይህም ከኦፕንቪፒኤን የተሻሩ ሰርተፊኬቶች ዝርዝር ይልቅ ቀላል ነው። ሆኖም የትኛው ቁልፍ የማን እንደሆነ የሚናገር መዝገብ ራሳችን ካልያዝን የሚሰረዘው የትኛው እንደሆነ ማወቅ አይቻልም። ኦዲተሮች ማን መቼ እንደገባ ሲጠይቁም ሶፍትዌሩ የሚያሳየው የመጨረሻውን ግንኙነት ጊዜ፣ የመጣበትን አድራሻና የተላለፈውን የዳታ መጠን ብቻ በመሆኑ፣ ይህንን መረጃ በየደቂቃው እየቀዳ የሚያስቀምጥ ትንሽ ስክሪፕት ለመጻፍ ተገደናል። ለድርጅት ሥራ ተብሎ የታሰበ ምርት ቢሆን ኖሮ ይህ ከመጀመሪያው አብሮ ይመጣ ነበር።

ዋናው መሥሪያ ቤት መስመር ሲያጣ ቅርንጫፎቹ ሁሉ አብረው ይቋረጣሉ። በአንድ ኢንተርፌስ ላይ አንድ የአድራሻ ክልል ለሁለት ቁልፎች መስጠት ስለማይቻል፣ ሁለተኛ መስመር ያለው ድርጅት ሁለት የተለያዩ ታነሎችን ሠርቶ በላያቸው ላይ ቢጂፒን ወይም ኦኤስፒኤፍን (ፓኬት የሚሄድበትን መንገድ ራሳቸው የሚመርጡ ስልቶችን) ማስኬድ ይኖርበታል፤ ይህ ደግሞ ራውቲንግ የሚያውቅ ባለሙያ ይፈልጋል።

ቅርንጫፎቹ ጥቂት ለሆኑና መዝገብ በሥርዓት የሚይዝ ሰው ላለው ድርጅት ዋየርጋርድን ያለ ማመንታት እመክራለሁ። ሠራተኞቹ በብዛት ከቢሮ ውጭ ሆነው ወደ ኔትወርኩ ለሚገቡበትና በየወሩ ለሚቀያየሩበት ድርጅት ግን እንደ ኔትበርድ ያለ፣ በዋየርጋርድ ላይ ተደርቦ ተጠቃሚዎችን የሚያስተዳድርና በራስ ሰርቨር ላይ ሊጫን የሚችል ሥርዓት ቢጨመርበት ይሻላል። ዋየርጋርድ የሚሠራው ዩዲፒ በተባለው የዳታ ማስተላለፊያ ስልት ብቻ በመሆኑም ዩዲፒ በሚዘጉ የሆቴልና የስብሰባ አዳራሽ ኔትወርኮች ላይ አያልፍም፤ በዚህ ምክንያት ለመስክ ሠራተኞች ሲባል የድሮውን ኦፕንቪፒኤን ተራ ድረ ገጾች በሚጠቀሙበት ቲሲፒ ፖርት 443 ላይ እስካሁን አላጠፋነውም።