ድሬና ሐረር ያላችሁ፣ ይሄን "የማርማላታ ጃር" እንዳትገዙ

ሰላም የድሬና የሐረር ልጆች፣ ሰሞኑን ቴሌግራም ላይ "ኦርጅናል የአሜሪካ ጃር፣ ማርማላታ በሉት ቲማቲም በሉት ስጋ፣ ዓመት ይቆያል" እያሉ የሚሸጡትን ጠርሙስ አይታችሁ ከሆነ ብር ከመላካችሁ በፊት ይሄን አንብቡ፣ እኔ 6,000 ብሬን ተበልቻለሁ።

ማንጎ ሲደርስ ቀፊራ ዋጋው ስለሚወርድ በየዓመቱ ማርማላታ እሰራለሁ፣ ጠርሙስ ግን ሁሌም ጭንቅ ነው፣ ታይዋን ገበያ ዞርኩ አሸዋ ገበያ ዞርኩ፣ ያለው የቅመም ማስቀመጫ ብቻ። ስለዚህ ማስታወቂያውን ሳይ ደስ አለኝ፣ 24 ፍሬ 6,000 ብር፣ ግማሹን ቀድመሽ በቴሌብር አሉኝ፣ ላኩ። በሦስተኛው ቀን ዕቃው በባጃጅ ሳቢያን ቤቴ ድረስ መጣ፣ ያመጣው ልጅ ቀሪውን ሳትከፍይ ካርቶኑ አይከፈትም አለኝ፣ እኔም ከፈልኩ። እናንተ ግን ሳትከፍቱ እንዳትከፍሉ፣ አቦ።

ካርቶኑን ከፍቼ መጀመሪያ ክዳኑን ገለበጥኩት። ውስጡ ነጭ ስፖንጅ ተለጥፎበታል፣ በጥፍሬ ነካ ሳደርገው ተላጠ። ትክክለኛው እኮ እንዲህ አይደለም፣ ሁለት ነገር ነው፣ ዳር ዳሩን ጎሚኒ የተቀባ ስስ ቆርቆሮ አለ፣ እሱን የሚይዝ የሚጠመዘዝ ቀለበት ደግሞ ለብቻው። ሲፈላ ጎሚኒው ይለሰልሳል፣ አየሩም ይወጣል፣ ሲቀዘቅዝ አየር የሌለው ባዶ ቦታ ቆርቆሮውን ወደ ውስጥ ይስበዋል፣ ቋ ሲል ይሰማችኋል፣ ከቀዘቀዘ በኋላ መሀሉን በጣት ስትጫኑት ንቅንቅ አይልም። ቀለበቱ ደጋግሞ ያገለግላል፣ ቆርቆሮው ግን አንዴ ብቻ ነው፣ በሚቀጥለው አዲስ ያስፈልገዋል። ስፖንጁ ለሽሮ ለበርበሬ ይሆናል፣ ለሚፈላ ነገር አይሆንም።

ያም ሆኖ ሞከርኩት፣ ብር ወጥቶበታል ብዬ። ድስቱ ውስጥ ከታች ጨርቅ አንጥፌ፣ ጠርሙሱን አሙቄ፣ ትኩሱን ማርማላታ ሞልቼ ውሃ ውስጥ አስገባሁ፣ አምስት ደቂቃ እንኳን ሳይሞላ ጧ! ሳወጣው የአንዱ ቂጥ እንደ ሳንቲም ክብ ሆኖ ተቆርጦ ድስቱ ውስጥ ቀርቷል። የጎረቤቴ እናት ድምፁን ሰምተው መጡና "ልጄ፣ ጨርቅ አላነጠፍሽም እንዴ?" አሉኝ፣ አንጥፌያለሁ እማማ አልኳቸው፣ አንዱን ያልተሰበረ ወደ ብርሃን አዙረው አዩትና አንድ ጎኑ ወፍራም ሌላው ስስ እንደሆነ ያሳዩኝ እሳቸው ናቸው። ከ24ቱ 9 ተሰበረ። የፈሰሰውን መልሶ መብላት አይታሰብም፣ የጠርሙስ ስብርባሪ አይለቀምም፣ ያ ሁሉ ማንጎና ስኳር ተደፋ። ያልተሰበሩት ደግሞ በድሬ ሙቀት ሳምንት ሳይሞላቸው ሻገቱ።

ሻጩ ጋ ደወልኩ፣ "አንቺ ነሽ ያላወቅሽበት" አለኝ። ደረሰኝ ስጠኝ ስለው ኦንላይን ደረሰኝ የለውም ብሎ ብሎክ አደረገኝ። ውሸት ነው፣ ነጋዴ ለሸማች ደረሰኝ መስጠት እንዳለበት አዋጅ 813/2006 ላይ ተጽፏል።

ከብሩም በላይ የሚያስፈራኝ ግን "ስጋም ፎሶሊያም አፍልተሽ ዝጊው" የሚለው ነው። እህቶቼ ይሄን እንዳታደርጉ። ስጋና አትክልት ኮምጣጣ ስላልሆነ አየር በሌለበት ጠርሙስ ውስጥ ቦቱሊዝም የሚባለውን መርዝ የሚያመጣው ባክቴሪያ ይራባል፣ ሽታም መልክም ላይኖረው ይችላል፣ ሰው ይገድላል። የባክቴሪያውን ጠንካራ ዘር (ስፖር) ለመግደል በግፊት ድስት 116 ዲግሪና ከዛ በላይ መድረስ አለበት፣ ድሬ ላይ ውሃ የሚፈላው 96 ገደማ ነው፣ ሐረር ከፍታ ስለሆነ 94 ገደማ፣ ቀኑን ሙሉ ብታፈሉትም ከዛ አያልፍም። ማርማላታ እንኳን ባህር ዳርቻ ያለ ሰው ጠርሙሱን 5 ደቂቃ ቢያፈላው እዚህ ድሬ 10፣ ሐረር 15 ነው የሚያስፈልገው። በደንብ የበሰለ ማንጎ ኮምጣጣነቱ ስለሚቀንስ ሎሚ ጨምሩበት፣ ቲማቲምም እንደዛው፣ እሱ ላይ ለአንድ ሊትር ሁለት የሾርባ ማንኪያ የሎሚ ጭማቂ።

ስለዚህ የሚሸጥ ካያችሁ ስለ ጠርሙሱ ከመጠየቃችሁ በፊት የክዳኑን ውስጥ ፎቶ አንሳና ላክልኝ በሉ፣ ትርፍ ቆርቆሮ ለብቻው ትሸጣለህ ወይ በሉ፣ እሱ ከሌለ በሚቀጥለው ዓመት ባዶ ጠርሙስ ታቅፋችሁ ነው የምትቀሩት። ያገለገለ የማር ጠርሙስ በቆራሌው ዋጋ መግዛት ይሻላል፣ ግን እሱን ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጣችሁ ቶሎ ለሚያልቅ ብቻ ተጠቀሙበት፣ መብራት እየጠፋ ፍሪጅም አያስተማምን፣ ትንሽ ትንሽ ስሩ።

እኔ የተረፉትን 15ቱን አጥቤ በርበሬ ሞላሁባቸው። ትክክለኛውን ቆርቆሮ ክዳን ለብቻው የሚሸጥ ሱቅ ድሬም ሆነ ሐረር ሸዋ በር አካባቢ ያያችሁ ካላችሁ ሰፈሩን ጻፉልኝ፣ ዘይቱን ሳያልቅ መስራት እፈልጋለሁ።