ከሰልባጅ የሚወጣው የአሜሪካ ፉትቦል ሄልሜት፦ ከመግዛታችሁ በፊት

ደሴና ኮምቦልቻ ሰልባጅ ተራ ቦንዳ ሲፈታ፣ ከጃኬቱና ከጫማው መሀል አልፎ አልፎ አንድ ከበድ ያለ ዕቃ ዱብ ይላል፦ ፊቱ ላይ የብረት ፍርግርግ ያለው፣ በጎኑ የቡድን ምልክት የተለጠፈበት ሄልሜት። ሻጩ «የሞተር ነው፣ ኦርጅናል» ይላል። ኦርጅናል ሊሆን ይችላል፤ የሞተር ግን አይደለም። የአሜሪካ ፉትቦል መጫወቻ ነው፤ እግር ኳስ ሳይሆን ኳሱን በእጅ ይዘው እየሮጡና እየተጋጩ የሚጫወቱት። ገዢው ወይ ለሞተር፣ ወይ ለበረኛ፣ ወይ ለጂም ቤት ግድግዳ ጌጥ ይፈልገዋል። ለጌጥ ከሆነ ያምራል፣ ክርክር የለንም።

ቅርፊቱ ብዙውን ጊዜ ፖሊካርቦኔት የሚባል ጠንካራ ፕላስቲክ ነው። ውስጡ ወፍራም ስፖንጅ አለ፤ አንዳንዱ ሞዴል ደግሞ እንደ ኳስ በመርፌ የሚነፋ የአየር ከረጢት አለው። ፍርግርጉ በፕላስቲክ ማቀፊያና በብሎን ይታሰራል፣ የአገጭ ማሰሪያው አራት ቦታ ላይ ይቆለፋል። ክብደቱ ወደ 2 ኪሎ ይጠጋል።

መጀመሪያ ውስጡ የተለጠፈውን ወረቀት ፈልጉና የተመረተበትን ዓመት አንብቡ። እዚያው አሜሪካ፣ የሄልሜት አዳሾች ማኅበር አባላት 10 ዓመት ያለፈውን ለእድሳት አይቀበሉም። እኛ ዘንድ የደረሰው ያ የተጣለው ሊሆን እንደሚችል አስቡ። ወረቀቱ ተልጦ ከሆነ ዕድሜውን በእርግጠኝነት ማወቅ ይከብዳል።

ቀጥሎ የብሎን ቀዳዳዎቹን ዙሪያ ብርሃን ላይ አድርጋችሁ እዩ፤ ስንጥቅ ከዚያ ይጀምራል። ስፖንጁን በአውራ ጣት ተጫኑት፤ ተጭኖ ከቀረ ወይም ከተፈረፈረ ሞቷል። የአየር ከረጢት ካለው ነፍታችሁ ትንሽ ጠብቁ፣ የሚያስተነፍስ ብዙ ነው። ከሁሉም የከፋው ግን ዓይን የማያየው ነው፦ ዕቃው እንዲያበራ በቤንዚን ወይም በቲነር መወልወል። ፖሊካርቦኔት እነዚህ ሲነኩት ይዳከማል፣ እንደ ፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ ያወጣል። የሚረጭ ቀለምም እንዲሁ ነው። የሚታጠበው ለብ ባለ ውሃና በሳሙና ብቻ ነው። ቤንዚን ቤንዚን ከሸተተ ተዉት።

ልኩ እንዲህ ይታያል። በልብስ ሰፊ ሜትር ከቅንድብ በላይ 2.5 ሳንቲ ሜትር ላይ የራስን ዙሪያ ለኩ። በብዙዎቹ ሞዴሎች ከ53 እስከ 56 ሳንቲ ሜትር መካከለኛ፣ እስከ 60 የሚደርሰው ትልቅ ነው። ሲጠለቅ የፊት ጠርዙ ከቅንድብ ሁለት ጣት ያህል ከፍ ይላል፣ የጆሮ ቀዳዳው ጆሮ ላይ ያርፋል። ከዚያ ፍርግርጉን ይዛችሁ ግራና ቀኝ አዙሩት፤ የግንባር ቆዳ አብሮ ከተንቀሳቀሰ ልክ ነው፣ ሄልሜቱ ብቻውን ከዞረ ሰፊ ነው።

ለሞተር ለምን አይሆንም? የሞተር ሄልሜት ውስጡ በቴሌቪዥን ካርቶን ከሚመጣው ነጭ ፎም ጋር የሚመሳሰል ነገር ነው፤ አንዴ በኃይል ሲመታ ይደቅቃል፣ ጉልበቱንም ይዞ ይቀራል፣ ከዚያ ይጣላል። የፉትቦሉ ስፖንጅ ግን ሯጭ ከሯጭ ሲጋጭ በአንድ ጨዋታ ደጋግሞ እንዲመታ፣ ተመልሶም እንዲነፋ የተሠራ ነው። ከሐረጎ ቁልቁለት ላይ አስፋልት የሚያመጣውን ፍጥነት አስቦ የሠራው የለም።

ለእግር ኳስም አይሆንም፤ ጠንካራ ቅርፊት ሌላውን ተጫዋች ስለሚጎዳ ዳኛው አያስገባውም። ሕጉ የሚፈቅደው ለስላሳና ቀላል መከላከያ ነው። በረኛው ፒተር ቼክ በጥቅምት 2006 የራስ ቅሉ ተሰብሮ፣ በ2007 መጀመሪያ ሲመለስ ያደረገው የራግቢ ቆብ ዓይነት ማለት ነው (ዓመቶቹ በፈረንጆች ናቸው)። እሱም ቢሆን ጭረትንና ቁስልን ይቀንሳል እንጂ የአንጎል መናወጥን ይከላከላል ብላችሁ አትግዙት።

እዚህ ላይ ነው ሻጭም ገዢም የሚሳሳተው። ይህ ሄልሜት በራሱ ጨዋታ እንኳ ኮንከሽን የሚሉትን የአንጎል መናወጥ አያስቀርም። እንቁላል በጥጥ ጠቅልላችሁ ብትንጡት ቅርፊቱ አይሰበርም፣ አስኳሉ ግን ውስጥ ለውስጥ ይላጋል። ሄልሜት የሚያድነው ቅሉን ነው። እንዲያውም ተጫዋቾች ቅርፊቱን ተማምነው በራሳቸው እየቀደሙ መግጨት አመጡና አንገት የሚሰበር በዛ፤ በ1976 የአሜሪካ የኮሌጅና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የጨዋታ ሕግ ይህን ከለከለ። ከዚያ ወዲህ የአንገት ጉዳቱ የቀነሰው በዋናነት በሕጉ ነው። የተደጋጋሚ ምት ዳፋ ደግሞ በ2002 በአሜሪካዋ ፒትስበርግ ከተማ ታየ፦ ናይጄሪያ የተወለደው ሐኪም ቤኔት ኦማሉ የቀድሞውን የፉትቦል ተጫዋች የማይክ ዌብስተርን አንጎል መርምሮ ያገኘውን የአንጎል ጉዳት በ2005 አሳተመ። ዌብስተር የተጫወተው ሄልሜት አድርጎ ነበር።

ስለዚህ ሆጤ ሜዳም ሆነ ሰፈር ሜዳ ላይ ትልቁ ሥራ የወጌሻው ነው። ራሱን የተመታን ልጅ ውሃ አፍስሶ «ተነሥ፣ ወንድ ልጅ» ማለት ይቅር። ይጠየቅ፦ ያለነው የት ሜዳ ነው? ስንተኛው አጋማሽ ነው? መጨረሻ ያገባው ማን ነው? ባለፈው ሳምንት ከማን ጋር ተጫወትን? አሸነፍን? አንዱን ከሳተ ይወጣል፣ በዚያ ቀን አይመለስም። ሁሉንም መልሶም ራስ ምታት፣ ማዞር ወይም ብዥታ ካለው ይወጣል። ራሱን ሳይስት የሚናወጥ ብዙ ነው።

የአንገት ሕመም፣ ማስመለስ፣ ሁለት ሁለት ማየት፣ እየባሰ የሚሄድ ራስ ምታት፣ የእጅ ወይም የእግር መዛል፣ መንቀጥቀጥ፣ ራስን መሳት ከታየ ሳይዘገይ ሆስፒታል ነው። አንገቱን ያመመውን ያለ ባለሙያ አታንሡት፤ ሄልሜት ካለውም አታውልቁለት። እነዚህ ምልክቶች ያልታዩበት ተጎጂም ቢያንስ ለመጀመሪያዎቹ 3 ሰዓታት ብቻውን አይሁን፣ አልኮል አይጠጣ፣ መኪና ወይም ሞተር አይንዳ። ጫትም ይቅርበት፤ እንቅልፍ ያባርራል፣ ምልክቱንም ያምታታል።

ከ24 እስከ 48 ሰዓት ቀለል ያለ እረፍት፣ ከዚያ እርምጃ፣ ዱብ ዱብ፣ ያለ ንክኪ ልምምድ፤ በየደረጃው ቢያንስ አንድ ቀን። ምልክቱ ከባሰ ቆም ብሎ በማግስቱ ይሞክራል። ንክኪ ያለበት ልምምድ ምልክቱ ሁሉ ጠፍቶ ሐኪም ሲፈቅድ ብቻ ነው።

ለጌጥ የምትገዙ ደግሞ የአገጭ ማሰሪያው ቢጠፋም ግድ የላችሁም፤ እሱን ምክንያት አድርጋችሁ ዋጋ አስቀንሱ።