ጠገራ ብር ያላችሁ ሁሉ፣ የደብረ ማርቆሱን ጋሼ ሳታሳዩ አትሽጡ

ይህ ጽሑፍ ምስጋና ነው። ጥቆማም ነው። ከአያት ከቅድመ አያት የወረደ ጠገራ፣ የምኒልክ ብር፣ አላድ፣ ሽልንግ፣ ብቻ የድሮ ገንዘብ በቤታችሁ ያለ ሰዎች እባካችሁ እስከ መጨረሻው አንብቡት።

ደብረ ማርቆስ ውስጥ የጥንት ገንዘብ የሚገዙ፣ የሚሸጡ፣ ደረጃውንም አይተው የሚናገሩ አንድ ሰው አሉ። ጠባብ ሱቅ ነው ያለቻቸው። ግማሿ የብር ጌጥ ነው፣ ግማሿ ሳንቲም። ሰው ሁሉ «ጋሼ ጠገራ» ነው የሚላቸው። ስማቸውንና ስልካቸውን ልጽፍ ፈቃድ ብጠይቃቸው «ተው ልጄ፣ የፈለገ በእግሩ ይምጣ» አሉኝ። ቃላቸውን አከብራለሁ።

እናቴ የብቸና አካባቢ ሰው ናት። ከእናቷ የወረሰችው አንድ የቆዳ ከረጢት አላት። ውስጡ አብዛኛው ማርትሬዛ ነው፣ ያ የኦስትሪያዋ ንግሥት ማርያ ቴሬዛ ምስል ያለበት ጠገራ ብር፤ ጥቂት የምኒልክ ብርና የጃንሆይ ዘመን ሳንቲሞችም አሉበት። ልጆች ሆነን ለፋሲካ ለፋሲካ ታወጣውና ታሳየን ነበር። ዘንድሮ የቤቱ ቆርቆሮ ዝጎ ማፍሰስ ሲጀምር «ጥቂቱን ልሽጠው» አለች። ከልጆቿ ገንዘብ መቀበል አትወድም። እኛም አልተከራከርናት።

መጀመሪያ የሄድነው አዲስ አበባ ነበር። የሱቁን ስም አልጠራም። ሰውዬው ከረጢቱን ሚዛን ላይ ዘረገፈው። አንዱንም ገልብጦ አላየም። «ብር በግራም ነው የምንገዛው» አለ። እናቴ የምኒልኩን አንስታ «ይሄስ ልጄ?» ስትለው «ያው ብር ነው» ብሎ መለሰላት፤ ቀና ብሎ እንኳን አላያትም። ከዚያ ሳይጠይቀን አንዱን ማርትሬዛ አነሳና ነጭ ዱቄት ነስንሶ በጨርቅ ይፈገፍገው ጀመር። ሳንቲሙ ሲያብለጨልጭ «አያችሁ፣ ተበልቷል» ብሎ ዋጋውን ቀነሰ። እኔ ደሜ ፈላ። እናቴ ግን ከረጢቷን ሰብስባ «እንሂድ» አለችኝ። ዓባይ በረሃን ወርደን ደጀን እስክንወጣ አንዲት ቃል አልተነፈሰችም። ያቺን ዝምታዋን መቼም አልረሳትም።

በስልክ የመጣው ደላላ ደግሞ ሌላ ነው። «1780 የሚል ካለበት ሚሊዮን ያወጣል፣ ውጭ አገር ገዢ አለኝ» አለ። ቀጥሎ «የምዝገባ» ብር አስቀድማችሁ ላኩ አለ። እህቴ ስልኩን ተቀብላ ዘጋችበት። እንዲህ ያለውን ወሬ አምነው ገንዘባቸውን የላኩ ስንት እናቶች አሉ ብዬ ሳስብ አሁንም ያንገበግበኛል።

ጋሼን የነገረን ደብረ ማርቆስ የሚኖር የአጎቴ ልጅ ነው። እውነቱን ለመናገር እናቴ መሄድ አልፈለገችም። በቃኝ ብላ ነበር።

ሱቃቸው ስንገባ ከመቀመጫቸው ብድግ አሉ። እናቴን ወንበራቸው ላይ አስቀመጧት። ከየት እንደመጣች፣ ዝናቡ እንዴት እንደሆነ፣ እህሉ እንዴት እንደያዘ ጠየቋት። ሻይ አስመጡ። ከዚያ እጃቸውን ታጥበው፣ በደንብ አድርቀው፣ ጠረጴዛው ላይ ለስላሳ አረንጓዴ ጨርቅ ዘረጉ። ሳንቲሞቹንም አንድ በአንድ፣ ጠርዛቸውን ብቻ በሁለት ጣት እየያዙ ደረደሯቸው። ሚዛን የለም፣ ዋጋ የለም፣ ገና ምንም የለም። ደርድረው ሲጨርሱ ወደ እናቴ ዞር ብለው እንዲህ አሉ፦

«እማማ፣ በመጀመሪያ የማይሸጠውን ይምረጡ።»

እኔ እንኳን ልጇ ሆኜ ይህን ጥያቄ አልጠየቅኋትም ነበር። አዲስ አበባም ማንም አልጠየቃት። እናቴ ትንሽ ዝም አለች፣ ከዚያ ሁለት ማርትሬዛዎችን ለየች። ማንጠልጠያ ጆሮ የተበየደባቸው ናቸው፤ አያቴ ድሪዋ ላይ አድርጋቸው የነበሩ፣ የጥሎሿ ብሮች። እሳቸው ሁለቱን በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልለው እጇ ላይ አስቀመጡላት። «ሰብሳቢ ደግሞ ብየዳ ያለበትን አይፈልግም፤ ስለዚህ ምንም አልቀረብዎትም» ብለው አጽናኗት። ከዚያ በኋላ እነዚያን ሁለቱን አንዴም አላነሱብንም።

የዚህን ሰው ሥራ ልነግራችሁ የፈለግሁት በዚህች ነው። ዋጋ ሳይጠራ በፊት ሰውን የሚያይ ነጋዴ ስንቶቻችሁ ገጥሟችኋል?

ከዚያ ወደ ሥራቸው ገቡ። እያንዳንዱን ለብቻው መዘኑ። ጤነኛ ማርትሬዛ ወደ 28 ግራም እንደሚመዝን የሰማሁት ከእሳቸው ነው። በማጉያ መነጽር አዩ፣ ጠርዙ ላይ ያለውን ጽሑፍ በጣታቸው ዳሰሱ፣ አንዱን ከፍ አድርገው ድምፁን አዳመጡ። ብዙውን አልተከታተልኩትም፣ አልገባኝምም። የገባኝን ልንገራችሁ።

1780 የሚለው ቁጥር የተሠራበትን ዘመን አይናገርም። ንግሥት ማርያ ቴሬዛ የሞተችው በፈረንጆቹ አቆጣጠር በዚያ ዓመት ነው፤ ከዚያ በኋላ ግን ቪየናም፣ ሮምም፣ ለንደንም፣ ቦምቤይም ሳይቀር ያንኑ ዓመት እየጻፉ ሲያትሙት ኖረዋል። ጣሊያን ራሱ አገራችንን በወረረበት ጊዜ ሮም ላይ አሳትሞታል። ስለዚህ አብዛኛው ማርትሬዛ ብርቅ አይደለም። «ሚሊዮን ያወጣል የሚላችሁን ሰው ደጃችሁ አታስቀርቡ» አሉ ጋሼ፣ ቆጣ ብለው።

የምኒልክ ብር ግን ይለያል። ፓሪስ ተመትቶ የመጣ ነው። ዓመቱ የተጻፈው በግዕዝ ቁጥር ስለሆነ እኛ ማንበብ ተስኖን ነበር፤ እሳቸው ግን ወዲያው «1887» ብለው አነበቡልን። በአንዱ ዓመት የአንበሳው ቀኝ እግር፣ በሌላው ግራው ይነሳል። ሰብሳቢዎች ይህን ሁሉ ይለያሉ። ሰው በዚያ ዘመን ማርትሬዛን አምኖ የምኒልክን ገሸሽ ያደርግ ስለነበር ነው በእናቴ ከረጢት ማርትሬዛው የበዛው።

አንዷ ስሙኒ ደግሞ እናቴን አሳቀቻት። በ1936 ዓ.ም. መጀመሪያ የወጣው ስሙኒ ድፍን ክብ ነበር። ሰው ብር እየቀባ ሽልንግ ነው እያለ ሲያታልልበት ጠርዙ ወጣ ገባ ተደርጎ እንደገና ታተመ። የእናቴ ክቡ ነው። ለካ እናቴ ልጅ ሳለች አያቴ «ስሙኒ ስትቀበሉ ፍቃችሁ እዩ» እያለች ታስጠነቅቃቸው ነበር፤ እናቴ ይህንን ያኔ ነው ያስታወሰችው።

ያቺ አዲስ አበባ የተፈገፈገችው ማርትሬዛ ጋ ሲደርሱ እጃቸው ቆመ። «ይህንን ማነው የፈገፈገው?» አሉ። ስነግራቸው ፊታቸው ጠቆረ፤ የራሳቸው ዕቃ የተበላሸ ያህል አዘኑ። በብር ላይ ከዘመን ብዛት የሚይዘው ጥቁረት ቆሻሻ አይደለም። ውጭ አገር ሳንቲም ደረጃ የሚሰጡ ድርጅቶች አሉ፤ ከ1 እስከ 70 ቁጥር ይሰጡና በፕላስቲክ ያሽጉታል። በኃይል የተጸዳ ከሆነ ግን ቁጥሩን ነፍገው «የተጸዳ» ብለው ይጽፉበታል። በዱቄት፣ በሎሚ፣ በአመድ፣ በምንም እንዳትነኩት። ይህን አደራ ብለው ለሰው ሁሉ እንድነግር ያሳሰቡኝ እሳቸው ናቸው።

እኛ እያለን አንድ ወጣት ገባ። ትንሽ፣ ከጥፍር ብዙም የማትበልጥ የመዳብ ሳንቲም ይዟል፤ ዘመዱ ሰሜን ሲያርስ ያገኛት ናት። ጋሼ አዩና የአክሱም ነገሥታት ገንዘብ እንደሆነች ነገሩት። ልጁ «ስንት ትገዙኛላችሁ?» ሲል ራሳቸውን ነቀነቁ። ከመሬት የወጣ ቅርስ በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ለመንግሥት መነገር እንዳለበት፣ ያለፈቃድም ከአገር እንደማይወጣ በትዕግሥት አስረዱት። የባህልና ቱሪዝም ቢሮውን አቅጣጫም አሳዩት። እሳቸው ቢፈልጉ በርካሽ ገዝተው ይደብቁት ነበር። ልጁ ሲወጣ እናቴ ወደ እኔ ዞር ብላ በዓይኗ «ይሄን ሰው እመነው» አለችኝ።

ከዚያ ወረቀት አወጡ። ለእያንዳንዱ ሳንቲም እንደ ብር ቢቀልጥ የሚያወጣውን፣ እሳቸው የሚከፍሉትን፣ ሰብሳቢ ሊከፍል የሚችለውን ጎን ለጎን ጻፉልን። ስልካቸውን ከፍተው ውጭ አገር በጨረታ የተሸጡትን ለእናቴ አሳዩዋት። ሻጭ የጠራውን ዋጋ ማየት ዋጋ እንደሌለው፣ መታየት ያለበት የተሸጠበት እንደሆነ፣ አጫራቹም ብዙ ጊዜ ከገዢም ከሻጭም እንደሚቆርጥ ነገሯት። እናቴ ፊደል የቆጠረችው ዕድሜዋ ከገፋ በኋላ ነው፤ እሳቸው ግን እንደ ባልደረባቸው ነበር የሚያስረዷት። እኔን ሳይሆን እሷን።

ማርትሬዛዎቹን ራሳቸው ገዙ፤ አዲስ አበባ ከተባልነው እጅግ በተሻለ ዋጋ። ያቺን የተፈገፈገችውንም ሳይቀር። ከምኒልክ ብሮቹ ግን አንዱ፣ ጽሑፉ ሁሉ ጥርት ብሎ የሚነበበው፣ «ይሄ ከእኔ አቅም በላይ ነው» አሉ። «እኔ ገዝቼ ሸጬ ላተርፍበት እችላለሁ። ግን ትርፉ የእርስዎ ነው እማማ።» የሚያውቁትን የአዲስ አበባ ሰብሳቢ ደውለው ጠሩ። ኮሚሽናቸውን አስቀድመው ነግረውን በወረቀት ጻፉልን። ሰውዬው ራሱ ደብረ ማርቆስ ድረስ መጥቶ አየ፤ ገንዘቡ በቀጥታ የገባው እናቴ የባንክ ሒሳብ ነው። ጋሼ ከተጻፈው አንዲት ብር ትርፍ አልወሰዱም። ቡና መጠጫ ልጨምርላቸው ብል ተቆጡኝ።

ቆርቆሮው ተቀይሯል። ከክረምቱ በፊት አለቀ። እናቴም ለሚመጣ ለሚሄደው ሁሉ የምታወራው ስለ ቆርቆሮው አይደለም፣ «የማይሸጠውን ይምረጡ» ስላሏት ሰው ነው።

ጋሼ፣ ይህን አንድ ሰው ያነብልዎታል ብዬ አምናለሁ። እግዜር ይስጥልን። ዕድሜና ጤና ይስጥዎት። እናቴን ስላከበሩልኝ መቼም አልረሳዎትም።

እናንተ ደግሞ፣ ከሞጣም ሁኑ ከፍኖተ ሰላም፣ ከቡሬም ሁኑ ከዳንግላ፣ የድሮ ገንዘብ ካላችሁ እባካችሁ በግራም ለሚገዛ አትስጡ። ለማንም ቅድመ ክፍያ አትላኩ። አታጽዱት። ሳትሸጡም ቢሆን ወስዳችሁ አሳዩዋቸው፣ ለማየት ገንዘብ አይጠይቁም። ደብረ ማርቆስ ገበያው አጠገብ ወርቅ ቤቶቹ መደዳ ላይ «ጋሼ ጠገራ» ብላችሁ ጠይቁ፣ ልጅ አዋቂው ያሳያችኋል። በማርያምና በጊዮርጊስ ቀን ስለማይከፍቱ ያንን አስልታችሁ ሂዱ፣ ጠዋት ጠዋት ብትደርሱ ይሻላል።