ግማሽ ኒውትሮን የጎደለው የአቶም መሥሪያ ሳጥን

ኬሚስትሪ ከማስጠናቸው ልጆች አንዷ አቶሚክ ቁጥር (የፕሮቶኖቹ ብዛት) እና ማስ ቁጥር (የፕሮቶንና የኒውትሮን ድምር) እየተምታቱባት ብታስቸግረኝ ነው ይህን የዶቃ ሳጥን የገዛሁት። ውስጡ 20 ቀይ ዶቃ ለፕሮቶን፣ 20 ግራጫ ለኒውትሮን፣ ደቃቅ ሰማያዊ ኤሌክትሮኖችና የንጥረ ነገር ካርዶች አሉት።

በካርበን ጀመርን። ስድስት ቀይ፣ ስድስት ግራጫ፤ ካርበን 12። አንድ ግራጫ ጨመረች፣ 13 ሆነ። ደገመች፣ 14።

«ስሙ አልተቀየረም እኮ!»

«ቀዩን እስካልነካሽ ድረስ አይቀየርም።»

ይሄኔ እልህ ይዟት አንዱን ግራጫ አውጥታ ቀይ ተካችበት። ሰባት በሰባት፤ ናይትሮጅን! ድምሩ ግን ያው 14። ስንት ቀን ሰሌዳ ላይ የለፋሁበት ነገር በአንድ ከሰዓት ገባት። ካርበን 14 አንድ ኤሌክትሮን አውጥቶ ሲፈርስ የሚሆነውም ይኸው ነው፤ መመሪያው ስለዚህ ትንፍሽ አይልም እንጂ።

ጣጣው የመጣው ክሎሪን ላይ ነው። ካርዱ «አቶሚክ ቁጥር 17፣ ማስ ቁጥር 35.5» ይላል። 17 ቀይና 18 ግራጫ ደረደረችና ሳጥኑን ትበረብር ጀመር።

«ምን ጠፋብሽ?»

«ግማሿ ኒውትሮን።»

ሳቄ አመለጠኝ፤ ጥፋቱ ግን የካርዱ ነው። ማስ ቁጥር ፕሮቶንና ኒውትሮን ተቆጥረው የሚገኝ ነው፣ ግማሽ ብሎ ነገር የለውም። 35.5 የአይሶቶፖቹ (ፕሮቶናቸው እኩል፣ ኒውትሮናቸው የተለያየ የክሎሪን አቶሞች) አማካይ አቶሚክ ማስ ነው። በተፈጥሮ ካለው ክሎሪን ከአራት ሦስቱ ያህል ክሎሪን 35 ነው፣ የቀረው ክሎሪን 37። «ሦስት 35 እና አንድ 37 ደምረሽ ለአራት አካፍዪ» አልኳት። 142 ለ4፣ 35.5። አራቱንም አቶም በዶቃ ልንሠራ አምሮን ነበር፤ 68 ቀይ ይፈልጋል፣ የሳጥኑ ግን 20 ፕሮቶን ያለው ካልሲየም ላይ ያልቃል። በወረቀት ጨረስነው።

ኤሌክትሮኖቹ ከጠረጴዛ እየተንከባለሉ ይጠፋሉ፤ ሦስቱን እስካሁን አላገኘናቸውም። ለዚህ ርዕስ ብዙም ስለማያስፈልጉ አልከፋኝም።

ከ5 ኮከብ 3 ሰጥቻለሁ፤ ሁለቱን የቀነስኩት ለዶቃው ማነስና ለዚያ ካርድ ነው። የምትገዙት ካላችሁ ክሎሪንን ቀድማችሁ አውጡና አርሙት። የእኛን ልጅቷ ራሷ 35.5 የሚለውን ሰርዛ «35 ወይም 37» ብላ ጽፋበታለች።