ስምንት ወር ከኮፊሊን ጋር

በቤተ ሙከራችን ኮፊሊን የተባለውን ፕሮቲን ገዝተን መጠቀም የጀመርነው መስከረም ላይ ነው። በኢ. ኮላይ ባክቴሪያ ውስጥ የተመረተ የሰው ኮፊሊን-1 ሲሆን፣ ለማጣራት እንዲመች ሂስቲዲን የተባለው አሚኖ አሲድ የተደጋገመበት ጅራት ተጨምሮበታል። ጅራቱ ሳይቆጠር 166 አሚኖ አሲዶች አሉት፤ 18.5 ኪሎዳልተን (የሞለኪውል ክብደት መለኪያ) ገደማ ይመዝናል። ሥራው የሴልን ቅርጽ የሚደግፈውን የአክቲን ፕሮቲን ክሮች መቆራረጥ ነው።

ከሁሉ በላይ ያስደሰተኝን ልንገራችሁ። የካቲት ውስጥ አንድ ዓይነት የአክቲን ክርና የኮፊሊን ቅይጥ በሁለት ቱቦ አዘጋጀሁ፤ አንዱን በፒኤች (የአሲድነት መለኪያ) 6.8፣ ሌላውን በ8.0። ሁለቱንም ከምድር ስበት 100,000 እጥፍ በሆነ ኃይል ለግማሽ ሰዓት አሽከርክሬ ዝቃጩንና ከላይ የቀረውን ፈሳሽ ፕሮቲኖችን በመጠናቸው በሚለይ ጄል ለየሁ። ሰማያዊው ቀለም ታጥቦ ሲጠራ ልዩነቱ ቁልጭ ብሎ ወጣ። በ6.8 አክቲኑ እንደ ጠላ አተላ ከታች ተኝቷል፤ ኮፊሊኑም ክሩን እንደያዘ አብሮት ወርዷል። በ8.0 ግን በ42 ኪሎዳልተን ላይ ያለው የአክቲን መስመር ከዝቃጩ ሳስቶ በፈሳሹ በኩል ደምቋል። ክሩ ተበትኗል ማለት ነው፤ ከጤነኛ ኮፊሊን የሚጠበቀው ይኸው ነው። ጄሉን ይዤ ባልደረቦቼን በየክፍላቸው እየዞርኩ አሳየሁ።

ፓይሪን በተባለ አብሪ ቀለም ምልክት የተደረገበት አክቲን ይዛችሁ በብርሃን ለመለካት ያሰባችሁ ግን ተጠንቀቁ። ኮፊሊን ክሩ ላይ ሲጣበቅ ብርሃኑን ራሱ ያደበዝዘዋል። እኔ ክሩ የተበተነ መስሎኝ ሁለት ሳምንት ባክኖብኛል።

መጠኑም ጥንቃቄ ይፈልጋል። ብዙ ስለጨመሩ ብዙ አይቆርጥም። ክሩ በቀላሉ የሚሰበረው ኮፊሊን የሸፈነው ክፍል ካልተሸፈነው ጋር በሚገናኝበት ድንበር ላይ ስለሆነ፣ ሙሉ በሙሉ ሲሸፈን ድንበሩም ይጠፋል፣ መቆራረጡም ይቀንሳል። ለዚህ ነው የሁለተኛው ግዢ ነገር ያናደደኝ። ቱቦው ላይ እንደ መጀመሪያው በሚሊሊትር 1 ሚሊግራም፣ ማለትም ወደ 50 ማይክሮሞላር (በሞለኪውል ብዛት የሚገለጽ የክምችት መለኪያ) ተብሎ ተጽፏል፤ ስንለካው 0.8 ሚሊግራም ሆኖ ተገኘ። ለአምራቹ ጽፈን ስለ መለኪያ ዘዴዎች ልዩነት የሚያትት አጭር መልስ አገኘን። ከዚያ ወዲህ የመጣውን ሁሉ ራሳችን ሳንለካ አንነካም።

አቀማመጡ ቀላል ነው፤ በ10 ማይክሮሊትር ከፋፍሎ ከዜሮ በታች 80 ዲግሪ ላይ ማኖር። ሲስቴይን የተባሉ አራት አሚኖ አሲዶች ስላሉት ኦክስጅን ይጎዳዋል፤ ከዚህ ጉዳት የሚከላከለው ዲቲቲ የተባለ ኬሚካል በየጊዜው ትኩስ ይጨመርለት። አንዴ የቀለጠውን መልሼ አላቀዘቅዝም።

ጅራቱ ግን እስከ ዛሬ ቅር ያሰኘኛል። የተቀጠለው በፕሮቲኑ መነሻ ጫፍ ላይ ነው። ሊም ካይኔዝ የተባለው ኢንዛይም ፎስፌት እያስያዘ ኮፊሊንን ሥራ የሚያስፈታው ደግሞ እዚያው አጠገብ፣ ሦስተኛው ቦታ ላይ ባለችው ሴሪን በተባለች አሚኖ አሲድ ነው። ለመቆራረጥ ሙከራ ምንም አላስቸገረንም፣ ለዚያ ሥራ ያለ ስጋት ግዙት እላለሁ። ለፎስፌቱ ጥናት ግን አልደፈርኩም፤ ጅራት የሌለውን አዝዘን ግንቦት ላይ እንጠብቃለን።