የእማዬን እንቅልፍ ለመለሰችልን የፒያሳዋ ፋርማሲስት

ዛሬ ነገ ስል ከጥምቀት ወዲህ ቆየሁ። ዛሬ ግን ሳልጽፍ አልተኛም። ጎንደር ፒያሳ ካሉት መድኃኒት ቤቶች በአንዱ የምትሠራ አንዲት ፋርማሲስት አለች። ስሜን አትጻፊ ብላ ስለለመነችኝ አልጽፍም። ምን እንዳደረገችልን ግን የከተማዬ ሰው እንዲያውቅልኝ እፈልጋለሁ፤ በተለይ ቤቱ ውስጥ ሕመም እንቅልፍ የነሳው እናት ወይም አባት ያለበት ሰው እስከ መጨረሻው ያንብብልኝ።

እማዬ 71 ዓመቷ ነው። አምና ኅዳር ላይ በግራ ጎኗ፣ ከጡቷ ሥር እስከ ጀርባዋ ድረስ አልማዝ ባለጭራ ወጣባት። መጀመሪያ ማቃጠል ብቻ ስለነበረ ምች ነው ተባለና ዳማከሴ ተቀባች። ውሃ የቋጠረው ሽፍታ ሲወጣ ደግሞ ጎረቤቱ ሁሉ ጭራው ዞሮ ከራሱ ከተገናኘ አለቀላት እያለ አስለቀሰን። ነገሩ እንደዚያ አይደለም። በሽታው አንድ ነርቭ ይዞ ስለሚሄድ ነው እንደ መቀነት የሚጠመጠመው። ሐኪም ጋ የደረስነው ከሳምንት በላይ ቆይተን ነው፤ ይህ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። አሲክሎቪር የሚባለው የቫይረሱ መድኃኒት ደህና አድርጎ የሚሠራው ሽፍታው በወጣ በ72 ሰዓት ውስጥ ሲጀመር ነውና፣ እንዲህ ያለ ነገር ካያችሁ በዚያው ቀን ሂዱ።

ቁስሉ ደረቀ። ሕመሙ ግን አልሄደም። ገና አለፈ፣ ጥምቀት አለፈ፣ ፋሲካም ደረሰ። ነጠላዋ ሲነካት ትጮኻለች፤ "ሚጥሚጣ የነሰነሱብኝ ነው የሚመስለኝ" ትላለች። ሌሊቱን ግድግዳ ተደግፋ ቁጭ ብላ ነው የምታነጋው። አንድ ክሊኒክ ወሰድናት፤ ቁስሉማ ድኗል፣ እርጅና ነው ብለው ማስታገሻ ወግተው ሰደዱን። ሁለተኛ አልሄድም አለች። እሷ ደግሞ አልሄድም ካለች አትሄድም።

ይህን የሰማች አሜሪካ ያለች የአክስቴ ልጅ፣ አማቷ ካረፉ በኋላ ቤት የተረፈውን የሚለጠፍ መድኃኒት ሁሉ ሰብስባ በመጣ ሰው ላከችልን። በደግነት ነው፤ አልወቅሳትም። ሁለት ካርቶን ነው። አንደኛው ሰፋፊ፣ የእጅ መዳፍ የሚያክል። ሁለተኛው ትንንሽ፣ "በጣም ብርቱ ነው" የተባለለት። እኔም ብርቱ ከሆነማ በዚህ እንጀምር ብዬ ለማታ አዘጋጀሁት። የት ላይ እንደሚለጠፍ ልጠይቅ ብዬ ብቻ ነው በመንገዴ ወደ መድኃኒት ቤቱ ጎራ ያልኩት።

ልጅቷ እኛ አልሸጥንልሽም ብላ ልትመልሰኝ ትችል ነበር። ወረፋም ነበረባት። እሷ ግን ሁለቱንም ካርቶን ተቀበለችኝ፣ ውስጡ ያለውን ወረቀት አውጥታ አነበበች፣ ትንሹን ለብቻው አስቀመጠችና "ይሄኛው አይነካም። እማማ ላይ ለጥፈሽዋል?" አለችኝ። ፊቷ ተለዋውጦ ነበር። ገና ነኝ ስላት ነው የተነፈሰችው።

ፌንታኒል ነበር። ቁጭ አድርጋ አስረዳችኝ። ከሞርፊን በብዙ እጥፍ ይበረታል። አንዱ ፓች፣ ማለትም አንዱ የሚለጠፈው መድኃኒት፣ በቆዳ በኩል ቀስ እያለ ለ72 ሰዓት ወደ ደም ይገባል። የሚታዘዘው እንደ ካንሰር ባለ ሕመም ምክንያት ሞርፊንን የመሰለ ብርቱ ማስታገሻ አዘውትሮ ለሚወስድና ሰውነቱ ለለመደው ሰው ነው። ላልለመደ ሰው፣ ለዚያውም በእማዬ ዕድሜ፣ ትንፋሽን ያዘገያል፤ ሊያቆመውም ይችላል። ሙቀት ሲያገኘው ደግሞ መድኃኒቱ ባንድ ጊዜ በብዛት ይገባል። ይህን ስትነግረኝ ጉልበቴ ከዳኝ። ያን ማታ እኮ ልለጥፍላት ነበር፤ ብርድ ልብስ ደራርቤ፣ ትኩስ ውሃ በላስቲክ ሞልቼ ጎኗ ላይ አድርጌ፣ በገዛ እጄ። ፓቾቹን ቤት እንዳላስቀምጥ፣ ለሆስፒታሉ ፋርማሲ እንዳስረክብ ነገረችኝ። አስረከብኩ።

ሰፋፊው ሊዶኬይን ነው። ጥርስ ስንነቀል የሚወጉን ማደንዘዣ ራሱ ነው። አልማዝ ባለጭራ ጥሎት ለሚሄደው የነርቭ ሕመም በእርግጥ የሚሰጥ ነው። እሱንም ግን ዝም ብላ ለጥፊላት አላለችኝም። "እማማን ሐኪም ይያቸው" አለች። ጥርስ ሲነቀሉ ማደንዘዣው አሳክኳቸው ያውቃል ወይ? የልብ ችግር አለባቸው? ጉበታቸውስ? ሌላ ምን ይወስዳሉ? ሁሉንም ጠይቃ በአጭር ወረቀት ጻፈችልኝ። እማዬን ለምኜ፣ አልቅሼም ጭምር፣ ዩኒቨርሲቲው ሆስፒታል ወሰድኳት። ሐኪሙ ወረቀቱን አንብቦ፣ ጎኗን በጥጥ ነካ ነካ አድርጎ አይቶ፣ ሕመሙ የነርቭ መሆኑን ነገረን። በልጅነት ጉድፍ ሆኖ የያዘን ቫይረስ ነርቭ ሥር ተደብቆ ኖሮ፣ ዕድሜ ሲገፋ አልማዝ ባለጭራ ሆኖ ይነሳል፤ ቆዳው ቢድንም የተጎዳው ነርቭ እየጮኸ ይቀራል ማለት ነው። ለማታ አሚትሪፕቲሊን የሚባለውን የነርቭ ሕመም የሚያስታግስ ክኒን በትንሹ አዘዘላት፣ ሊዶኬይኑንም ፈቀደ። እርጅና ነው ያላት የለም። እማዬ ያን ቀን በባጃጅ ስንመለስ "ታዲያ እውነቴን ነበር" አለችኝ። ይህን ቃሏን አልረሳውም።

ከዚያ እማዬን ይዤ ወደ ፋርማሲስቷ ተመለስኩ። ወንበር አምጥታ አስቀመጠቻት። እዚህ ላይ ነው ሥራዋን በደንብ ያየሁት።

ደንቡ 12 ሰዓት ለጥፎ 12 ሰዓት ማሳረፍ ነው። ባንድ ጊዜ ቢበዛ ሦስት። ቁስል ወይም የተላጠ ቆዳ ላይ በፍጹም፤ ደረቅና ንጹሕ ቆዳ ላይ ብቻ። እኔ ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ ማታ 12 ሰዓት ይመቻል ብዬ ነበር። እሷ ግን ወደ እማዬ ዞራ "እማማ፣ እንጀራ የሚጋግሩት እርስዎ ነዎት?" አለቻት። "ታዲያ ማን ይጋግርልኛል ልጄ" አለች እማዬ። "በየትኛው ጎንዎ ነው ወደ ምጣዱ የሚዞሩት?" በግራዋ ነው። የሚያማት ጎን! የእሳቱ ወላፈን ፓቹን ሲያሞቀው ከሚገባው በላይ መድኃኒት ወደ ሰውነቷ ይገባል። ስለዚህ ገለበጠችው፤ ማታ 12 ሰዓት ተለጥፎ ጠዋት 12 ሰዓት ይነሳል። ሕመሙ የሚበረታባት ሌሊት ነው፣ ቀን ደግሞ እንደ ልቧ ትጋግራለች። ይህን በየትኛው ካርቶን ላይ ታገኙታላችሁ?

ሊዶኬይኑን ሽፋኑ ሳይላጥ በመቀስ ቆርጦ በሕመሙ ልክ ማድረግ እንደሚቻልም አሳየችን። ፌንታኒል ግን በፍጹም አይቆረጥም። መቀነቷን ከፓቹ ላይ አጥብቃ እንዳታስር፣ ለጥፋ ስትጨርስ እጇን እንድትታጠብ፣ ቆዳዋ ከቀላ ወይም ካቃጠላት አንስታ እስኪበርድ እንድትጠብቅ፣ ራሷን ካዞራት ወይም አፏ አካባቢ ከደነዘዛት ወዲያው አንስታ ሐኪም ቤት እንድትመጣ ነገረቻት። የተነሳውን ፓች ምን እንደምናደርገው ስትጠይቀን ቆሻሻ ውስጥ እንጥለዋለን አልን። እሷም "ከጀበናው አቦሉ እንኳ አልተቀዳም እኮ" አለችን። ለካ 5 በመቶ ሊዶኬይን ያለው አንድ ፓች 700 ሚሊግራም ይይዛል፤ ተለጥፎ ከተነሳ በኋላም ቢያንስ 665ቱ እዚያው አለ። ወደ ሰውነት የሚገባው ጥቂት ነው፣ ሥራውን የሚሠራው ቆዳው ላይ ነው። ሕፃን አንስቶ ቢያኝከው ግን አደጋ ነው። የእኛ ቤት ትንሿ ልጅ ያገኘችውን ሁሉ አፏ ውስጥ ነው የምትከተው። ስለዚህ የሚጣበቀውን ፊት ወደ ውስጥ አጥፈን፣ ክዳን ባለው ዕቃ ውስጥ አድርገን ነው የምንጥለው።

ለውጡ በአንድ ሌሊት አልመጣም። ሁለት ሳምንት ያህል ፈጀ። አንድ ቀን ሌሊት ነቅቼ ሳያት ጋደም ብላለች። ትተነፍስ እንደሆነ ቀርቤ አዳመጥኩ። ተኝታ ነው። ከኅዳር ወዲህ ጋደም ብላ ስትተኛ የመጀመሪያዋ ነበር። ሕመሙ ፈጽሞ ጠፋ አልልም፤ ዛሬም በብርድ ቀን ይነሳባታል። ግን ነጠላዋን ትለብሳለች። አምና በጥምቀት ከቤት ያልወጣችው እማዬ ዘንድሮ ለከተራ ታቦታቱን ተከትላ በእግሯ ፋሲል መዋኛ ወርዳለች።

የአክስቴ ልጅ የላከችልን ሊዶኬይን ሲያልቅ ጎንደር ውስጥ ማግኘት ከበደን። እዚህ ላይም ልጅቷን አመሰገንኳት፤ ያንን የሚተካ ነው ብላ ሌላ ነገር አልሸጠችልኝም። ሐኪሙን ጠይቂ አለችኝ፣ እሱም ለጊዜው የሊዶኬይን ቅባት አዘዘልን። ጎረቤታችን ለወገቧ መንገድ ላይ የገዛችው የበርበሬ ፕላስተር ቆዳዋን ሲልጣት ወደ እሷው ነው የላክኋት። በርበሬን የሚያቃጥለው ካፕሳይሲን በርግጥ መድኃኒት ይሠራበታል፤ 8 በመቶ የሆነው ብርቱ ፓች ግን ባለሙያ ለጥፎ አንድ ሰዓት ያህል አቆይቶ የሚያነሳው፣ እስከ ሦስት ወር የማይደገም ነገር እንጂ ቤት ውስጥ የሚሞከር አይደለም። አንድ ቀን ደግሞ ቆሜ ሳለሁ ለጉልበቱ የሚለጠፍ ፕላስተር ሊገዛ የመጣ ወጣት ዋርፋሪን የሚባለውን ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ መድኃኒት ይወስድ እንደሆነ ጠየቀችው። የልብ ታማሚ ነው፣ ይወስዳል። ሜቲል ሳሊሲሌት የሚባለው የአስፕሪን ዘመድ ያለበት ፕላስተር ከዋርፋሪን ጋር ደም እንደሚያፈስ አስረድታ ሳትሸጥለት ሰደደችው። ገንዘቡ እጁ ላይ ነበር እኮ።

እማዬ ለፋሲካ ድፎ ዳቦ ደፍታ ወሰደችላት። እምቢ ብትል እማዬ እንደምትቀየም ገብቷት ተቀበለች፣ እዚያው ቆርሳ ወረፋ ለሚጠብቀው ሰው ሁሉ አደለችው።

መድኃኒት ቤቱን ማወቅ የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ እነግራችኋለሁ። ጠዋት ሰው ይበዛባታል፤ ከቀኑ 8 ሰዓት በኋላ ሂዱ። የምትወስዱትን ክኒንም ሆነ ከውጭ የተላከላችሁን ማንኛውንም ነገር ከነካርቶኑ ይዛችሁላት ሂዱ፣ መጀመሪያ የምትጠይቃችሁ እሱን ነው።